የማኅበረሰብ ሬዲዮ ባለቤቱ ማን ነው?

«የማኅበረሰብ ሬዲዮ» የሚለው ስያሜ በአገራችን ሕግ ውስጥ ከሰፈረ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ጠቀሜታው በየስብሰባው ብዙ ይነገራል፤ ስለ አሠራሩ ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። የዚህ አጭር ሂስ ዓላማ አንድን ጣቢያ በእርግጥ የማኅበረሰብ የሚያሰኘው ምን እንደሆነ መመርመር፣ በዚህም ውስጥ የመምህሩና የትምህርት ዕቅድ አውጪው ድርሻ የት ላይ እንደሚወድቅ ማሳየት ነው።

ሬዲዮ በኢትዮጵያ የተጀመረው ከመሃል ነው። የአቃቂ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌልን ጣቢያ በአዲስ አበባ ከፈተ፤ ይኸውም በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። የትምህርት ሬዲዮም ለየክፍሉ የተዘጋጀውን ትምህርት ለትምህርት ቤቶች አደረሰ። በ1971 ዓ.ም. የታወጀውና በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በሬዲዮ ተደግፏል። እነዚህ ሁሉ በዓላማ ቢለያዩም በአቅጣጫ አንድ ናቸው፤ ተናጋሪው ከመሃል፣ አድማጩ ከዳር ነው። በትምህርት ሬዲዮ ያስተማረ መምህር ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ተማሪው ባልገባው ጊዜ ድምፁ ቆሞ አይጠብቀውም፤ ጥያቄው ከክፍሉ ግድግዳ አልፎ ወደ አዘጋጁ አይመለስም።

የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ይህን አቅጣጫ ለመለወጥ በር ከፈተ። አዋጁ አገልግሎቱን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፈለ። የማኅበረሰብ ጣቢያ ለትርፍ እንዳይሠራ፣ የአካባቢውን ነዋሪ በዝግጅት እንዲያሳትፍ፣ ቋንቋውንና ባህሉን እንዲያዳብር ግዴታ ጣለበት። በ1999 የወጣው ይህ አዋጅ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም የማኅበረሰብ ብሮድካስት ሐሳብ ጸንቶ ቆይቷል። በዚህም መሠረት በሰቆጣ የዋግ ኽምራ፣ በጅማ የዩኒቨርሲቲው ጣቢያዎችና ሌሎችም ተቋቁመዋል።

ይሁን እንጂ ሕግ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ አሳታፊ አይፈጥርም። ዋናው ስሕተት የማኅበረሰብ ሬዲዮን እንደ ትንሽ ብሔራዊ ሬዲዮ መቁጠር ነው። ማሰራጫው አነስተኛ፣ ስቱዲዮው ጠባብ፣ አንባቢውም የአካባቢው ልጅ ይሁን እንጂ፣ የሚነበበው የጽሕፈት ቤቶች ሪፖርት ከሆነ አቅጣጫው አልተለወጠም። መሃሉ ከአዲስ አበባ ወደ ወረዳው ከተማ ተዛወረ እንጂ ዳሩ እንደ ዳር ቀርቷል።

ሁለተኛው ስሕተት ወጪን በመሣሪያ ብቻ መገመት ነው። ማሰራጫ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ መብራት፣ መለዋወጫ፣ መጓጓዣና የሰው ጉልበት ግን በየወሩ ይጠየቃሉ። በኬንያ ሆማ ቤይ በዩኔስኮ ርዳታ በ1982 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው ጣቢያ በአነስተኛ ወጪ መሠራቱ ብዙ ተወድሶለት ነበር። ጣቢያው ግን በመንግሥት ሥር ይተዳደር ስለነበር፣ በ1984 በላይ ውሳኔ ሲዘጋ ሊያቆየው የሚችል ባለቤት በአካባቢው አልነበረውም። መርከሱ ዕድሜ አልሆነለትም።

በአንጻሩ በኮሎምቢያ ሱታቴንሳ በ1947 (እ.ኤ.አ.) አንድ ካህን የጀመሩት ሬዲዮ ለአሠርት ዓመታት ገበሬዎችን አስተምሯል። ምስጢሩ በማሰራጫው ኃይል ብቻ አልነበረም። በየመንደሩ አድማጮች በአንድ ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ የታተመ መማሪያ ነበራቸው፤ ከመካከላቸውም ማንበብ የሚችል አንድ ረዳት ትምህርቱን ያስተባብር ነበር። ሆኖም ይህም ቢሆን ትምህርቱ ከማዕከል የሚመነጭ ስለነበር ሙሉ ምሳሌ አይሆነንም። ከእርሱ የምንወስደው የአደማመጥ ሥርዓቱን ነው።

ነገሩን በምዕራብ ጎጃም ገጠር ላይ አድርገን እንመዝነው። ከቡሬ በስተምዕራብ የምትገኘው ሽንዲ የወምበርማ ወረዳ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ገበሬ በቆሎና በርበሬ ያመርታል። ለዚህ ገበሬ የሚጠቅመው ስለ በርበሬ ምርት መጨመር የሚነበብ መግለጫ አይደለም። የሚጠቅመው ያንድ ቀበሌ ገበሬ ማሳው ሲበላሽ ያደረገውን ለሌላው ቀበሌ በራሱ አንደበት ሲያስረዳ፣ የግብርና ባለሙያውም መልስ ሲሰጥበት ነው። ልጅ በለቀማ ወቅት ከትምህርት ቤት ስትቀር፣ መቅረቷን የሚያወግዝ ንግግር ብዙ አይፈይድም። ወላጆች፣ መምህሩና ልጅቱ ራሷ የሥራውን ወቅትና የትምህርቱን ጊዜ እንዴት ማስታረቅ እንደሚቻል ቢነጋገሩበት ግን ዕቅድ አውጪውም የሚማርበት ፍሬ ይገኛል።

የአደማመጥ ማኅበር ለማቋቋምም አዲስ ድርጅት መፍጠር አያሻም። ሰንበቴው፣ ጽዋ ማኅበሩና ዕድሩ ሙሴና ዳኛ፣ ተራና ደንብ አላቸው። እነርሱ ከፈቀዱ ከመሰብሰቢያቸው ጥቂት ጊዜ ተወስዶ ዝግጅቱ ይደመጣል፤ ጥያቄውም በጽሑፍ ወይም በስልክ ተቀርጾ ወደ ጣቢያው ይመለሳል። ወደ እነዚህ ጉባኤዎች የማይመጡ ሴቶችና ወጣቶች ድምፃቸው እንዳይቀር ግን በሚመቻቸው ሰዓትና ቦታ ሌላ ስብስብ ሊታሰብላቸው ይገባል።

«ገበሬው ዝግጅት ማዘጋጀት አይችልም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ድምፅ መቅረጽና ማረም በእርግጥ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ጉዳይን መርጦ መናገር ግን ሕዝባችን በሸንጎና በሽምግልና ሲሠራበት የኖረ ነው። ሥልጠናው የጎደለውን ይሙላ እንጂ ያለውን አይተካ።

የመምህሩም ድርሻ ከዚህ ይመነጫል። መምህሩ የጣቢያው ጋዜጠኛ ይሁን ማለት በተጫነ ጫንቃ ላይ መጨመር ነው። ተማሪዎቹ ከአያቶቻቸው ስለ ቦታ ስም፣ ስለ እህል ዘርና ስለ ጥንት ሥራ ጠይቀው እንዲቀርጹ ቢመራቸው ግን የአማርኛና የኅብረተሰብ ትምህርት ሥራው ነው፤ ጣቢያውም ዝግጅት ያገኛል።

ለዕቅድ አውጪዎች ሦስት ነገሮች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የማሰራጫ ግዢ ሲታሰብ የሚቀጥሉት ዓመታት የሥራ ማስኬጃ አብሮ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ የጣቢያው ቦርድ በሹመት ሳይሆን ነዋሪው በሚመርጣቸው ሰዎች ይሞላ። ሦስተኛ፣ ጣቢያው የሚመዘነው ባሰራጨው ሰዓት ብዛት ብቻ ሳይሆን ከአድማጭ ደርሰው መልስ ባገኙ ጥያቄዎች ይሁን። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት በሰዓት ስሌት ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ባለቤቱን ለይቶ የሚያሳየው ግን ይህ የመጨረሻው መለኪያ ነው።