«ጨዋ ደባል» የሚባለው ገጸ ባሕርይ

«ደባል እፈልጋለሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ፣ 4ኛ ፎቅ። ጨዋ፣ ሥራ ያለው፣ ከሱስ ነጻ የሆነ። ዋጋ በውስጥ መስመር። ደላላ እንዳይደውል!»

ቴሌግራም ላይ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ስንት እንዳነበብኩ አልቆጠርኩም። ቤት ፍለጋ ነበር የጀመርኩት፤ ቤት ካገኘሁ በኋላም ማንበቡን መተው አቃተኝ። አጭር ልቦለድ የሚወድ ሰው ልቦለድ እንደሚያነበው ነው የማነባቸው። ስለዚህ ትስቁብኝ ይሆናል እንጂ ይሄ ሂስ ነው።

መጀመሪያ የሚታየኝ የጸሐፊው አለመኖር ነው። ስለሚፈለገው ሰው ሦስት መስፈርት ተደርድሯል፤ ስለ ፈላጊው ግን አንድም ቃል የለም። ያንኮራፋል? ዕቃ ያጥባል? በየቅዳሜው ስድስት ጓደኛ ይጠራል? የሥራ ማስታወቂያ እንኳ ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ ይናገራል እኮ። (ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የቅጹ ግማሽ ባዶ ሆኖ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ሲሠራ ያመኛል።) «ከሱስ ነጻ» የሚለውም ወሰን የለውም። አርብ አርብ ሁለት ቢራ ሱስ ነው? በቀን አምስት ስኒ ቡናስ? እውነተኛ ስሜት ያለው ዓረፍተ ነገር የመጨረሻው ብቻ ነው። ደላላ ያቃጠለው ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል።

ዋናው ጉዳይ ግን «ጨዋ» ነው። ዛሬ ሥርዓት ያለው፣ የማይረብሽ ሰው ማለታችን ነው። ቃሉ ግን ሌላም ነገር ይዞ ነው የመጣው። «የጨዋ ልጅ» ሲባል ጠባዩ ብቻ ሳይሆን ከማን እንደተወለደም ይነገራል። ማስታወቂያው ላይ ይሄ ትርጉም የሞተ ይመስላል። ስልኩ ሲነሳ ነው ነፍስ የሚዘራው።

«ስምህ ማን ነው?»

እናገራለሁ።

«ከነአባትህ?»

እሱንም እናገራለሁ። ትንሽ ዝም ይባላል። የአባት ስም አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ያወራል፤ ሃይማኖትም ብሔርም ይገመትበታል። «እሺ፣ እደውልልሃለሁ» ይሉኛል። አይደውሉም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዋጋውም መልሱም የሚወሰነው ደዋዩ ከታወቀ በኋላ ነው። ማንም ሕዝብ ፊት የማይጽፈውን ጥያቄ «ጨዋ» ተሸክሞለት ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ተሳካልኝ፤ ጎሮ አካባቢ ሦስት ወር ኖርኩ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ዕቃ ያጥባል፣ ኪራዩን እኩል ነው የምንካፈለው። በአራተኛው ወር «ወንድሜ ከክፍለ ሀገር ሊመጣ ነው፤ እስከ ሰኞ ብትለቅልኝ» አለኝ። ውሉ በእሱ ስም ነው። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና ይላል። እኔ እጅ ላይ የነበረው «ነገ ዕቃህን ይዘህ ና» የሚል መልእክት ነው። ተመልሼ ማስታወቂያውን አነበብኩት። ውሉ በማን ስም እንደሆነ፣ ልቀቅ ለማለት ስንት ቀን እንደሚሰጥ የሚናገር ነገር የለም። «ጨዋ» ግን አለ። ሰኞ ለቀቅኩ። በጨዋነት።

አሁን ውሉ በእኔ ስም ነው። ኪራዩ ብቻዬን ስለከበደኝ ባለፈው ወር ማስታወቂያ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ይሄን ሁሉ ትችት ያዘጋጀሁት ሰውዬ ጥሩ አድርጌ እጽፋለኋ! ሌሊት እየሠራሁ ኪቦርድ እንደማንኳኳ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚመጣ፣ ውሉ በስሜ እንደሆነና ልቀቅ ካልኩ የሁለት ወር ጊዜ እንደምሰጥ ጻፍኩ። ሳነበው ማስታወቂያ ሳይሆን ኑዛዜ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማን ይደውላል? ቆረጥኩት፣ ደግሜ ቆረጥኩት። መጨረሻ ላይ አድራሻውና «ለጨዋ ሰው» የሚለው ቀረ።

መጀመሪያ የደወለው ልጅ ድምፁ ረጋ ያለ ነው። አስተማሪ ነኝ አለኝ፤ መቼ መጥቶ ማየት እንደሚችል ጠየቀኝ።

«ስምህን ማን ልበል?» አልኩት። ነገረኝ።

«ከነአባትህ?»

በቃ፣ ከአፌ ወጣ። ወዲያ ማዶ ያለውን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ በዚህ በኩል ሆኜ ሰምቼው ግን አላውቅም።

«ለምን ፈለግከው?» አለኝ።

«ለውሉ ነው» አልኩት። ምን ውል? የማደርገው ውል እንደሌለ እሱም ሳይገባው አልቀረም።

«እሺ፣ እደውልልሃለሁ» አለኝ።

አልደወለም። እኔም ልደውልለት ሁለት ጊዜ ቁጥሩን አውጥቼ ተውኩት። ማታ ማስታወቂያውን ከፍቼ «ለጨዋ ሰው» የሚለውን አጠፋሁና ኪቦርዱን፣ ውሃውን፣ የሁለት ወሩን ጊዜ መልሼ ጻፍኩ። እስካሁን የደወሉልኝ ሁለት ደላሎች ናቸው።