ፋብሪካ ወይስ 300 ዶላር? የአንድ ዓመት መልስ እና የአምስት ዓመት መልስ

እስቲ ለአንድ አፍታ ይህን አስቡ። ዕድሜያችሁ ሃያ ምናምን ነው፤ ቋሚ ሥራ የላችሁም። አንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምታችሁ ሄዳችሁ ተመዘገባችሁ። አመልካቹ ከሥራው ቦታ ስለበዛ ዕጣ ወጣ። አንዳንዶቻችሁ ተቀጠራችሁ። ሌሎቻችሁ የራሳችሁን ሥራ እንድትጀምሩ 300 ዶላርና የጥቂት ቀናት የንግድ ሥልጠና ተሰጣችሁ። የቀራችሁት ምንም ሳይደርሳችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሳችሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ የማን ኑሮ የተሻለ የሚሆን ይመስላችኋል?

ጥያቄው የክፍል ውስጥ እንቆቅልሽ እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በእውነት የተሞከረ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ብላትማን እና የኦክስፎርዱ ስቴፋን ደርኮን ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። ድርጅቶቹ መጠጥ የሚያሽግ፣ አበባ የሚያመርት፣ አትክልት የሚያለማ፣ ጫማ የሚሠራ እና ጨርቃጨርቅና አልባሳት የሚያመርት ነበሩ። አመልካቾቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው።

ይህን ጥናት ለመተቸት የመረጥኩት ደካማ ስለሆነ አይደለም። ደካማ ጥናት መተቸትማ ቀላል ነው። ይኼ ግን ጠንካራ ጥናት ነው፤ ሆኖም ሲነበብም ሲወራም ከሚችለው በላይ እንዲናገር ተደርጓል።

ዕጣው ለምን አስፈለገ?

ዝም ብለን የፋብሪካ ሠራተኞችን ገቢ ከሌሎች ወጣቶች ገቢ ጋር ብናነጻጽር ምን ችግር አለው? ችግሩ ሰዎቹ ቀድሞውኑ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ፋብሪካ የገባችው ልጅ ምናልባት ሌላ አማራጭ ያጣች ናት፤ ምናልባትም ከሌሎቹ ይበልጥ ታታሪ ናት። በኋላ የምናየው ልዩነት የፋብሪካው ይሁን የልጅቷ እንዴት እናውቃለን?

ዕጣ ይህን ይፈታል። እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው፦ የደረሰውና ያልደረሰው የሚለያዩት በዕድል ብቻ ነው። ስለዚህ በኋላ በአማካይ ልዩነት ከታየ ምክንያቱ ዕጣው ያስገኘው ነገር ነው ማለት እንችላለን። እስከዚህ ድረስ ጥናቱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

የመጀመሪያው ዓመት ወሬ

ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታዋቂ በሆነ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ታተመ። የፋብሪካ ዕጣ የደረሳቸው ረዘም ያለ ሰዓት ሠሩ፤ ገቢያቸው ግን ምንም ዕጣ ካልደረሳቸው ብዙም አልበለጠም፤ ምክንያቱም የሰዓት ክፍያው ዝቅተኛ ነበር። ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ከዘርፉ ወጡ። በፋብሪካ ሥራ ላይ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ወር ከባድ የጤና ችግር የመግጠሙ ዕድል በአንድ የመቶኛ ነጥብ ያህል ጨመረ። በሌላ በኩል ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ አለ።

እዚህ ላይ ነው ወሬው ከጥናቱ ቀድሞ መሮጥ የጀመረው። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ውጤታቸው በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሲጽፉ ርዕሱ፣ በአማርኛ ብንመልሰው፣ "ስለ ጉልበት በዝባዥ ፋብሪካዎች የምናውቀው ሁሉ ስህተት ነበር" የሚል ነበር። የጋዜጣ ርዕስ ብዙ ጊዜ የአርታኢ ሥራ ስለሆነ ደራሲዎቹን በእሱ አልወቅሳቸውም። ግን ቆም ብላችሁ እዩት፦ "ሁሉ"! አምስት ድርጅት፣ አንድ ሺህ የማይሞላ ሰው፣ አንድ ዓመት። ከዚህ ተነስቶ "ሁሉ" ማለት ይቻላል?

አንባቢውም በፍጥነት ተቀበለው። ወሬው ባጭሩ "ፋብሪካ ይቅር፣ ገንዘቡን ስጧቸው" ሆነ።

ከአምስት ዓመት በኋላ

ተመራማሪዎቹ ግን አንድ የሚያስመሰግናቸው ነገር አደረጉ፤ ተመልሰው ሄዱ። ሳይመን ፍራንክሊን ተጨምሮ እነዚያኑ ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ጠየቋቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት የመጀመሪያውን ወሬ አፈረሰው። ሦስቱ ቡድኖች በገቢም፣ በሥራ ዓይነትም፣ በጤናም ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ ማለት ይቻላል። ገንዘብ ያገኙት የጀመሩትን አነስተኛ ንግድ እየተዉ ወጥተዋል፤ የገቢ ብልጫቸውም አብሮ ጠፍቷል። የፋብሪካው የጤና ጉዳትም ጊዜያዊ የነበረ ይመስላል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን የጥናቱ መልስ፣ በአማካይ፣ "የማንም ኑሮ ከማንም አልበለጠም" የሚል ነው።

የመጀመሪያው ውጤት ውሸት ነበር ማለት ነው? አይደለም። ለአንድ ዓመት ትክክለኛ መልስ ነበር። ስህተቱ የእኛ የአንባቢዎቹ ነው፤ የአንድ ዓመቱን መልስ የዕድሜ ልክ አድርገን ወሰድነው። ይልቅ የሚያሳዝነው ሁለተኛው ውጤት የመጀመሪያውን ያህል አለመወራቱ ነው። "ሁሉም ስህተት ነበር" የሚለው ያስሮጣል፤ "ከአምስት ዓመት በኋላ ልዩነት አልታየም" የሚለውን ማን ያጋራል?

ዕጣው የማያየው ነገር

ዋናው ትችቴ ግን ሌላ ነው። አንድ ፋብሪካ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ተከፈተ እንበል። ሠራተኛ ስለተሻሙ የከተማው የቀን ሠራተኛ ክፍያም ጨመረ። ሠራተኞቹ ምሳ ይበላሉ፣ ቤት ይከራያሉ፤ ጀበና ቡና የምትሸጠውም ገበያዋ ደራ። አሁን ዕጣ የደረሳትን ልጅ ካልደረሳት ጎረቤቷ ጋር አነጻጽሩ። ሁለቱም ገቢያቸው እኩል አድጓል፤ ልዩነታቸው ዜሮ ነው። ጥናቱ "ፋብሪካው ለውጥ አላመጣም" ሊል ነው፤ ከተማዋ ግን ተለውጣለች።

እዚያ አምስት ቦታ ላይ እንዲህ ሆኗል እያልኩ አይደለም። የምለው፣ የዚህ ዓይነት ንጽጽር እንዲህ ሆኖ ቢሆን እንኳ ሊያሳየን አይችልም ነው። ተቃራኒውም እንዲሁ። 300 ዶላር ለጥቂት መቶ ሰው ሲሰጥ የሠራው ነገር፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ለሁሉም ቢሰጥና ሁሉም ጎን ለጎን ሱቅ ቢከፍት ይሠራል? የዕጣ ሙከራ በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ይለካል። የአገር ዕድገትና ንግድ ግን ለሁሉም በአንድ ላይ የሚመጣ፣ ለሁሉም በአንድ ላይ የሚሄድ ነገር ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው ሙከራ ሠራተኞች ከተመዘገቡ በኋላ ማለት ነው። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች፤ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ መግባት ቀረ። በዚያ ገበያ ላይ ተመሥርተው የተቀጠሩ ሰዎች ሥራ አደጋ ላይ የወደቀው በዕጣም፣ በራሳቸው ምርጫም አልነበረም። ዋሽንግተን ውስጥ በተፈረመ ወረቀት ነው። ታዲያ ይህን ጥናት ይዞ "የኢንዱስትሪ ፓርክ ይጠቅማል" ወይም "አይጠቅምም" ብሎ የሚከራከር ሰው፣ ጥናቱ ያልተጠየቀውን ጥያቄ እያስመለሰው ነው።

ታዲያ ምን ያዝን?

ጥናቱ ምንም አላስተማረንም እንዳትሉ። ለእኔ ትልቁ ግኝት ከአማካዩ ቁጥር ይልቅ የሠራተኞቹ ባህርይ ነው። አመልካቾቹ ሥራው አድካሚና ለጤና አስጊ እንደሆነ የሚያውቁ ይመስላሉ። አውቀው ገቡ፣ የተሻለ እስኪያገኙ ሠሩ፣ ከዚያ ወጡ። ፋብሪካው ለእነሱ ሌላ ነገር ሲጠፋ የሚጠጉበት ጥግ ነበር። "ሠራተኛው ሥነ ሥርዓት የለውም፣ አይቆይም" እያለ ለሚያማርር ቀጣሪ ይህ መልስ ነው፤ ክፍያውና የሥራው ሁኔታ እንዲህ ሆኖ ሳለ መልቀቅ ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነው።

ለፖሊሲ አውጪ ደግሞ የሚከብድ ትምህርት አለው። አንዴ ገንዘብ ሰጥቶ መሄድም፣ አንዴ አስቀጥሮ መሄድም አምስት ዓመት የሚዘልቅ ለውጥ አላመጣም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸውም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ፣ አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ ድጋፍ የወጣቱን የሥራ እንቅፋት ለማንሳት ሊያንስ እንደሚችል ጽፈዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ "ጥናት እንዳረጋገጠው" የሚል ወሬ ስልካችሁ ላይ ሲደርስ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማንን ከማን ጋር አነጻጸረ? ከስንት ጊዜ በኋላ ለካ? የሁለቱም ኑሮ አብሮ ተለውጦ ቢሆን ያየው ነበር? እህታችሁ ነገ ፋብሪካ ልግባ ወይስ ትንሽ ነገር ልነግድ ብላ ብታማክራችሁ፣ ይህ ጥናት መልሱን አይሰጣችሁም። ግን የሰዓት ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ጤናዋን የሚጎዳ ነገር መኖሩን፣ የምትከፍተው ንግድ ከዓመት በኋላ በምን እንደሚቆም ጠይቋት። እነዚያ ሺህ ገደማ ሰዎች ያስተማሩን እነዚህን ጥያቄዎች ነው።