የጆን ናሽ ኪኒን፦ አንድ ጥሩ ፊልም የዋሸን ነገር

«ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ»ን ሳታዩት አትቀሩም። ስለ ሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ የተሠራ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ወጥቶ አራት ኦስካር የወሰደ ፊልም ነው። ካላያችሁት እዩት፤ ራስል ክሮው ጎበዝ ነው። እኔ ዛሬ የምጣላው ከአንዲት ንግግር ጋር ነው።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ በ1994፣ የኖቤል ሽልማት ጉዳይ ይዞ ለመጣ ሰው ናሽ አዳዲስ መድኃኒቶችን እንደሚወስድ ይነግረዋል። ውሸት ነው። እውነተኛው ናሽ ከ1970 ወዲህ የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት አልወሰደም። ለምን ተዋሸ? ታማሚዎች ፊልሙን አይተው ኪኒናቸውን እንዳይጥሉ ተፈርቶ ነው ይባላል።

ፍርሃቱ ይገባኛል። በ2012 ላንሴት ላይ የወጣ፣ 65 ሙከራዎችን የጠቀለለ ትንታኔ አለ፦ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው፣ መድኃኒት ከቀጠሉት 27 በመቶ፣ ወደ ባዶ ኪኒን ከተዛወሩት ደግሞ 64 በመቶ ነበሩ። ቀላል ልዩነት አይደለም።

ግን ከዚያች ንግግር በፊት ያለው ፊልም ምን ይላል? ናሽ ኪኒኑን ሲውጥ ይደነዝዛል። ሒሳብ አይሠራም፣ ልጁን ማቀፍ ያቅተዋል፣ ለሚስቱም ባል መሆን ይሳነዋል። በድብቅ ሲያቆም ሕመሙ ይመለስና ሕፃኑ ገንዳ ውስጥ ሊሰጥም ይደርሳል። ከዚያስ? በአእምሮው ብርታትና በሚስቱ ፍቅር ይወጣዋል። የመድኃኒቷ ንግግር ራሷ እንኳ የምትቀጥለው፣ አሁንም የሌለ ነገር እንደሚያይና ችላ ማለትን እንደመረጠ በመናገር ነው። ድሉ የቆራጥነት ሆነ ማለት ነው። ማታ ማታ ኪኒኑን ከዶርም ጓደኞቹ ተደብቆ የሚውጥ ተማሪ ይህን ሲያይ ምን ይሰማዋል? «ጠንከር በል እንጂ» የሚለውን የሰፈር ምክር በትልቅ ስክሪን ነው የሚሰማው።

መደንዘዙ ግን ፈጠራ አይደለም። ከ1952 ጀምሮ የመጡት የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች፣ እነ ክሎርፕሮማዚን፣ አንጎል ውስጥ የዶፓሚንን መቀበያ ይዘጋሉ። ዶፓሚን እንቅስቃሴንም ስለሚያስተካክል ሰውነት ሊገትር፣ እጅ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በኋላ የመጡት በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ በአንጻሩ ብዙዎቹ ውፍረትና ስኳር ያመጣሉ። ለዚህ ነው ሐኪምና ታማሚ ተነጋግረው መጠን የሚቀንሱት፣ መድኃኒት የሚቀይሩት። ይህ ንግግር ፊልሙ ውስጥ የለም። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ውጦ መፍዘዝ ወይም ትቶ ሊቅ መሆን።

ውሸቱም አልጠቀመም። እውነቱን ያወቀ ተመልካች «አያችሁ፣ ያለ መድኃኒት ነው የዳነው!» ይላል። አዎ፣ ናሽ ተሽሎታል፤ እንዲህ የሚሆንላቸው ሰዎች አሉ። ግን ያ ሰው በፕሪንስተን ሰሌዳዎች ላይ ትርጉሙ የማይታወቅ ነገር እየጻፈ፣ ተማሪዎች «የፋይን ሆል መንፈስ» እያሉት ዓመታት አሳልፏል። ሚስቱ አሊሻ ከፍቺያቸው በኋላ ቤቷ ባታስገባው ኖሮ የት ያድር ነበር?

አንድ የወደድኩት ትዕይንት አለ። ናሽ ከማያውቀው እንግዳ ጋር ከመነጋገሩ በፊት አጠገቡ ወዳለች ተማሪ ዞር ይልና ሰውዬው ይታያት እንደሆነ ይጠይቃታል። ይታየኛል ትለዋለች። አያፍርም፣ አታፍርም፣ ወሬው ይቀጥላል።