«ሰላም ነዎት?» ብሎ መለካት
የካንሰር ሕመምተኞችን የቤት ውስጥ ማስታገሻ ክብካቤ ጥራት ስለ መመዘን የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

በካንሰር የታመመ ሰው ሕመሙ ሊድን ከማይችልበት ደረጃ ሲደርስ በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ክብካቤ በቤተሰቡ፣ በጎረቤቶቹና፣ ዕድል ከቀናው ደግሞ፣ ቤት ለቤት በምትመጣ ነርስ እጅ ነው። የዚህ ክብካቤ ጥራት መመዘን እንዳለበት የሚክድ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። አከራካሪው ጉዳይ በምን ይመዘን የሚለው ነው።

በበለጸጉት አገሮች ከተለመዱት መመዘኛዎች አንዱ ሕመምተኛው በቤቱ ማረፉ ነው። ለእኛ ይህ ብዙ አይረባንም፤ በቤቱ ያረፈው ወድዶ ይሁን አልጋና የመጓጓዣ ገንዘብ አጥቶ ቁጥሩ አይለይምና። በነፍስ ወከፍ የሚሰላው የሞርፊን ፍጆታም ስለ አገሪቱ የመድኃኒት አቅርቦት ይናገር ይሆናል እንጂ ጠርሙሱ ስለ ገባበት ቤት የሚነግረን የለም።

ከእነዚህ አንጻር የአፍሪካ የማስታገሻ ክብካቤ ማኅበር ያዘጋጀው መጠይቅ ታላቅ እርምጃ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ አገር የታተመ መጠይቅ ሲሆን፣ ለአፍሪካ እንዲስማማ ተሻሽሎ በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ የተደረገለት ፍተሻ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ጥያቄዎቹ 10 ብቻ ናቸው፤ 7ቱ ለሕመምተኛው፣ 3ቱ ለአስታማሚው ይቀርባሉ። መልሱ ከ0 እስከ 5 መሆኑ ማንበብ የማይችል ሰው በአንድ እጁ ጣቶች እንዲያመለክት ያመቻል። አስታማሚውን ራሱን የቻለ ተጠያቂ ማድረጉም የሚያስመሰግነው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው መጠይቁ አማርኛ ሲናገር ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሕመምተኛው ውስጣዊ ሰላም ይሰማው እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ይህን በአማርኛ «ሰላም ነዎት?» ብንል ሰላምታ ሆኖ ያርፈዋል፤ መልሱም የታወቀ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ»። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያደረ ሰው እንኳ ይህንኑ ይላል። ጠያቂዋም 5 ብላ ትመዘግባለች። የተመዘገበው ግን ጨዋነት ነው። ሕይወት የሚኖሩባት ሆና ትታይዎታለች ወይ የሚለው ጥያቄም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። በሃይማኖተኛ ቤት «አትታየኝም» ብሎ መመለስ ፈጣሪን እንደ ማማረር ይቆጠራልና ሰው ቢያስበውም አይናገረውም።

ጠያቂዋ ማን እንደሆነችም ሊታሰብበት ይገባል። መድኃኒቱን ያመጣችው ነርስ ራሷ መጠይቁን ይዛ ስትቀመጥ ሕመምተኛው እንዴት ብሎ «አልተሻለኝም» ይላታል? ሐሳቡን ለቤተሰቡ ማካፈል ይችል እንደሆነ የሚጠየቀውም ያው ቤተሰብ ዙሪያውን ተቀምጦ ሳለ ነው። ከዚህም በላይ በብዙ ቤቶች የበሽታውን ስም የሚያውቀው ልጅ ወይም ወንድም እንጂ ሕመምተኛው አይደለም። ለወደፊቱ ለማቀድ በቂ እርዳታና ምክር አግኝተዋል ወይ የሚለው ጥያቄ በእንዲህ ያለ ቤት የተደበቀውን ነገር በድንገት ሊያፈርጥ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች አለሳልሰው ያልፉታል፤ የተለሳለሰ ጥያቄ ደግሞ ከወረቀቱ ጋር አንድ አይደለም።

አንድ ሌላ ነጥብ አለ፣ ይህኛው የቋንቋ ሳይሆን የስሌት ነው። የመጀመሪያውን ጉብኝት አማካይ ውጤት ከሦስተኛው ጋር ብናነጻጽር መሻሻል ልናይ እንችላለን። ነገር ግን እጅግ ሲሠቃዩ የነበሩት በመካከሉ አርፈው ከሆነ ስቃይ የቀነሰው ሕክምናው ስላቀለለው ላይሆን ይችላል፤ የተሠቃዩት ከመዝገቡ ስለወጡ ነው። ሪፖርት ሲቀርብ በየጉብኝቱ መካከል ስንት ሰው እንዳረፈ፣ የመጨረሻ ውጤቱም ስንት እንደነበር አብሮ ካልተጻፈ አማካዩ አሳሳች ነው።

መጠይቁን እንጣለው ማለቴ አይደለም። ጨዋነት የማይሸፍናቸው ጥያቄዎች ግን ይታከሉበት። ትናንት ሌሊት ሕመሙ ስንት ጊዜ ቀሰቀሰዎት? ፈሳሹ ሞርፊን ከቀጠሮው ስንት ቀን ቀድሞ አለቀ? ከእርሱ ጋር የሆድ ድርቀት መከላከያ ተሰጥቷል? ጠርሙሱ ቀድሞ ማለቁ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሕመሙ ስለበረታ መጠኑ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ማለቁ ከታወቀ በኋላ የሚተካ ሰው ሳይመጣ የሚያልፈው ቀን ነው፤ ይህም በቀላሉ ይቆጠራል።

አስታማሚውንም ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይሻላል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 የሟች ቤተሰቦች በአገር አቀፍ ደረጃ በሚላክላቸው መጠይቅ አስተያየታቸውን ይሰጡ ነበር። እኛ ዘንድ በወረቀት የሚገኝ መልስ ጥቂት ነው። ሆኖም ሐዘኑ ከበረደ በኋላ፣ ለምሳሌ ከአርባው ወዲህ፣ በክብካቤው ያልተሳተፈ ሰው ሊጠይቅ ቢሄድ ቡና ተፈልቶ፣ ሟች ፊት ሊነገር ያልቻለው ይነገራል። እዚያ ቤት የመጨረሻዋ ሌሊት እንዴት እንዳለፈች የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።