ከሸክላው ጥበት እስከ ኮምፒውተሩ ፍርግርግ፦ ቅኝታችን በአዲሱ የሙዚቃ መሣሪያ

በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ዘፈን ከአምስት ደቂቃ ብዙም አይዘልም። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ፣ በድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ የቆየውን ሸክላ የማሳተም መብት ተጋፍቶ ሥራ ሲጀምር፣ ዘፋኙም ባንዱም ይህን ልክ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። መግቢያው ስንት ዙር ይሂድ፣ ሳክስፎኑ ከየትኛው ስንኝ በኋላ ይግባ፣ አዝማቹ ስንቴ ይመለስ የሚለው ነገር ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ያልቃል። ባንዱ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ በጥቂት ማይክሮፎን ሲቀረጽ፣ ትራምፔቱ መጨረሻው ላይ ቢስት ሁሉም ከሀ ብሎ ይጀምራል። ዛሬ በአንድ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ አቀናባሪ ይህ ሁሉ ጭንቅ የለበትም። ትራኩ አያልቅበትም፤ የሳተችውን ድምፅ ለብቻዋ ነቅሎ ያርማታል፤ ዘፈኑ ሠላሳ ደቂቃ ቢሄድ ከልካይ የለውም።

ይህን ልዩነት ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ እጥረት ያስተምራል፣ የድሮዎቹ የተሻሉት ስለተቸገሩ ነው ይላሉ። ሌሎቹ አሁን የማይቻል ነገር ስለሌለ የሚጎድለን ተሰጥኦና ትጋት ብቻ ነው ይላሉ። ሁለቱም አንድ ግምት ይጋራሉ፤ የድሮው መሣሪያ ገደብ ነበረው፣ የዛሬው የለውም የሚል። እኔ የምጠራጠረው ይህንኑ ግምት ነው። የድሮው መሣሪያ የሚገድበው መጠንን ነበር፦ ደቂቃን፣ የትራክን ቁጥር፣ የክሩን ርዝመት። ገደቡንም አይደብቅም፤ ክሩ ሲያልቅ ያልቃል፣ ሁሉም ያያል። አዲሱ መሣሪያ መጠኑን ለቆ የሚገድበው የድምፁንና የምቱን ቅርጽ ነው፤ ይህንንም ሲያደርግ ማንም እንዳያስተውለው ሆኖ ነው። ሙዚቃው በቅኝትና በቅላጼ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ሁለተኛው ገደብ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ማስረጃውን ከመሣሪያዎቹ አሠራር እንጀምር። ማሲንቆ ያላት አንድ ጭራ ብቻ ናት። አዝማሪው ጣቱን በጭራው ላይ ያሳርፋል እንጂ ወደ እጀታው አያስጠጋትም፤ የድምፁን ቦታ የሚለይ ምልክትም ሆነ ድንበር በእጀታው ላይ የለም። ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ በመካከል ያለው መንገድ ሁሉ የእሱ ነው፤ ሊንሸራተት፣ ሊያንቀጠቅጥ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። በሸክላና በካሴት ዘመን ይህን የሚቀዳው ማግኔታዊ ክር ስለ ዜማ ምንም አያውቅም። ክሩ የአየሩን ንዝረት እንዳለ ይቀበላል፤ ጫጫታ ይጨምርበታል፣ ከፍተኛውን ቅጥነት ያደበዝዝበታል፣ ማጫወቻው ሲያረጅ ዜማውን ያወላግደዋል። ይህች ድምፅ ከዚህችኛዋ ጋር ትግጠም ብሎ ግን አያዝም። ጉድለቱ ብዙ ነበር፣ ሁሉም ግን ከዜማው ውጭ የቀረ ጉድለት ነው።

አሁን አዲሱን እንይ። በሰፊው የተለመዱት የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ሲከፈቱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 120 ምትና አራት በአራት አድርገው ባዶ ገጽ ያቀርባሉ፤ ገጹም በእኩል የተከፋፈለ ፍርግርግ ነው። በአግድም ጊዜው እኩል ተሸንሽኗል፣ በቁመት ደግሞ የፒያኖ ቁልፎች ተደርድረዋል። መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚያነጋግረው ሚዲ የተባለው ሥርዓት በ1983 ሲወጣ ድምፆችን ከ0 እስከ 127 በቁጥር ሰይሟቸዋል፤ በአንዱ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀትም በልማድ ግማሽ ድምፅ ነው። አንድ ኦክታቭ በ1200 ሴንት ቢለካ፣ እያንዳንዱ እርከን በትክክል 100 ሴንት ይደርሰዋል። የክራር ደርዳሪ ግን በጆሮው ነው የሚቃኘው። ከቅኝቶቻችን ትዝታና ባቲን በፒያኖ ላይ በግምት ማግኘት ይቻላል፤ አንቺ ሆዬ ላይ ሲደረስ ግን ቁልፎቹ አይበቁም፤ በክራር የሚሰማው ቦታ በሁለት ቁልፎች መካከል ይቀራል። አቀናባሪው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፣ ዘፋኙ ያንን ሰምቶ ይዘፍናል፣ ልጆች ያንን ሰምተው ያድጋሉ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቅኝቱን ለመቀየር የወሰነ ሰው የለም፤ ቅኝቱ ግን ተቀይሯል።

ድምፅ ማረሚያውም እንዲሁ ነው። በ1997 የወጣውን አውቶቲውን የተባለ ድምፅ ማረሚያ የሠራው አንዲ ሂልደብራንድ ቀድሞ የነዳጅ ፍለጋ ንዝረትን በኮምፒውተር ይተነትን የነበረ መሐንዲስ ነው። ፕሮግራሙ የተዘፈነውን ድምፅ ይለካና ከተመረጠለት መሰላል ወደ ቅርቡ እርከን ይስበዋል። የአሳሳቡ ፍጥነት እስከ መጨረሻው ሲጨመር በ1998 በአሜሪካዊቷ ዘፋኝ በሼር ዘፈን ዓለም የሰማው ደረጃ ደረጃ የሚል ድምፅ ይወጣል። እንግዲህ አንዲት የትዝታ ድምፃዊ አንዱን ፊደል ይዛ ቀስ ብላ ስትወርድ አስቡ፤ ድምጿ ከአንዱ እርከን ተነስቶ ሌላው ላይ ሳያርፍ ይቆያል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይሰክናል። ማረሚያው በዚያ መካከል የሚያየው ስህተት ነው። የወረደችውን መንገድ ወስዶ ሁለት ደረጃ ይሰጣታል። የችክችካ ምትም ተመሳሳይ ነገር ይደርስበታል፤ የከበሮው ምቶች እኩል ርቀት ላይ ስለማይወድቁ፣ ምቱን ወደ ፍርግርጉ የሚስበው ትእዛዝ ሲነካ እስክስታን የሚያስነሳው ያ ትንሽ ዝንፈት ይጠፋል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። በዚያ ወርቃማ በተባለው ዘመንም አኮርዲዮንና ኦርጋን ነበሩ፣ ጊታርም በብረት እርከን የተከፋፈለ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ከአሥራ ሁለት ድምፁ ሐርመኒ ጋር ማጋባቱን ሥራዬ ብሎ ነው የያዘው፤ ታዲያ አዲሱ መሣሪያ ብቻ ለምን ይወቀሳል? እውነት ነው፣ የፒያኖው እርከን በላፕቶፕ አልመጣም። ልዩነቱ ግን ድምፁ ቋሚ የሆነው መሣሪያ በዙሪያው ምን ነበረው የሚለው ላይ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ወደ ቴነር ሳክስፎን ሲያመጣ፣ ቁልፉ የሚሰጠውን ድምፅ በከንፈሩ እየለጠጠና እየሰበረ ነው ያስፎከረው። ኦርጋኑ ቋሚ ሆኖ ሳክስፎኑና ድምፃዊው በዙሪያው ይዋልሉ ነበር። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1985 ያወጣው ካሴት ላይ በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን የባንድን ሥራ ለብቻው ሠርቷል። ያ ድራም ማሽን ከዛሬው ሁሉ የባሰ ግትር ነው፤ አኮርዲዮኑ ግን በወናፉ እየተነፈሰ ከምቱ ይቀድማል፣ ወደ ኋላ ይቀራል። ማሽኑ አንዱን ወገን ብቻ ነው የያዘው። የዛሬው ፍርግርግ የሚለየው ከበሮውንም፣ ባሱንም፣ ክራሩንም፣ በመጨረሻም የሰውን ድምፅ አንድ ላይ መያዝ በመቻሉ ነው፤ የሚያፈነግጥ አይቀርም።

ሌላው ተቃውሞ የድሮ ዘመን ትዝታ ያታልላል የሚል ነው፤ ይህንንም አልክድም። ከዚያ ዘመን ዛሬ የምንሰማው ተመርጦ የተረፈውን ነው። ፈረንሳዊው አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጲክስ ተከታታይ አልበሞች ያወጣቸው ዘፈኖች ምርጫ ናቸው፤ ለምርጫ የቀረቡት ሸክላዎችም ቢሆኑ በጊዜው ለመታተም ከታደሉት ወገን ነበሩ። ደካማው ሥራ ተረስቷል። ከዚህም በላይ የዚያ ዘመን መሣሪያ በአብዛኛው የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የቴአትር ቤት ወይም የሆቴል ንብረት ነበር። ከእነዚህ ደጅ ያልደረሰ ሰው ሳክስፎንም ማይክሮፎንም ሳይነካ ያረጃል፤ ስንት የወሎና የጎጃም አዝማሪ ሳይቀረጽ እንደሞተ ማን ይቆጥራል። ዛሬ አንዲት የደሴ ልጅ በስልኳ ዘፍና በዚያው ቀን ለሪያድና ለዋሽንግተን ታሰማለች። ይህን መልሶ ለመውሰድ የሚመኝ ካለ ለሙዚቃው የሚያስብ አይመስለኝም። ስለዚህ ወደ ሸክላ እንመለስ ማለቴ አይደለም።

ብዙ ባለሙያዎች የሚሰነዝሩት ሦስተኛ መልስ፣ ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ ይችላል፣ የተጠቃሚው ስንፍና ነው የሚል ነው። በከፊል ልክ ናቸው። ለአረቡ ገበያ የሚሠሩ ኪቦርዶች የተመረጠችን ድምፅ በሩብ ድምፅ ዝቅ የሚያደርጉ ቁልፎች ከፊት ለፊታቸው አላቸው። በ2018 የጸደቀው የሚዲ ማሻሻያ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው ማጠፍ ያስችላል፤ ከዚያ በፊት በአንድ መስመር ላይ አንዱን ድምፅ ሲያጥፉ ሁሉም አብሮ ይታጠፍ ነበር። ነገር ግን የአረቡ ኪቦርድ ራሱ የሚያስረዳው የእኔን ነጥብ ነው፤ ቁልፉ የተጨመረው ገዢው ብዙ ስለሆነና ስለጠየቀ ነው። በአራት ዝርዝር ስር የተደበቀ ምርጫ እና ገና ሲከፈት የሚጠብቅ ልማድ እኩል አይደሉም፤ ሰው የሚሠራው በተከፈተለት ነው።

ይህ ልማድ የሚነካው ቅኝትን ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት የበገናን ነገር ማንሳት ሳያስፈልግ አይቀርም። የበገና አሥር አውታሮች ያን የሚያንዘረዝር ድምፃቸውን የሚያገኙት ከእንዚራ ነው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ። ደርዳሪው ቁራጯን በጣቱ ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ እየገፋ አውታሩ እስኪያጉረመርም ይፈልጋታል። ጫጫታ ለማጥራት የተሠራ ፕሮግራም ይህን ማጉረምረም ከማራገቢያ ድምፅ የሚለይበት እውቀት የለውም፤ በልማዳዊ ልኩ ከተለቀቀ እንዚራዋን ያሟሽሻታል። ይህን ሊያርም የሚችለው ደርዳሪ አጠገብ የተቀመጠ፣ መስማት ያለበትን የሚያውቅ የቀረጻ ባለሙያ ነው። ለቅኝቱም መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ብዙ ሶፍትዌሮች የሚቀበሉት የቅኝት ፋይል በውስጡ ያለው ጥቂት ቁጥር ነው፣ ለአንቺ ሆዬ አምስት መስመር ይበቃዋል። ቁጥሩ የሚገኘው ግን ከክራር ላይ በመለካት ነው፤ ክራር ደርዳሪዎችም ሁሉም አንድ ዓይነት አይቃኙም። ስለዚህ አንድ ብቻ "ትክክለኛ" ፋይል ማዘጋጀት ፒያኖውን በሌላ ፒያኖ መተካት ይሆናል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከየአካባቢው ክራር እየለኩ፣ በእያንዳንዱ ፋይል ራስ ላይ የደርዳሪውን ስም፣ የተቃኘበትን ቦታና ቀን እየጻፉ ቢያስቀምጡ፣ አቀናባሪው ሲከፍት ከአሥር አንቺ ሆዬ የማንኛውን እንደሚወስድ ይጠየቃል።