ሦስት መጻሕፍት፣ አንድ እጅ

በቤተ መጻሕፍት ለኮሌጅ ተማሪዎች መረጃን መፈለግና መመርመር ሳስተምር ከመተማ ጦርነት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከመተማ ዮሐንስ፣ ከገንዳ ውኃና ከቋራ የሚመጡት ልጆች ታሪኩን ከቤታቸው ያውቁታል፦ ዓፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከሱዳን ደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆሰሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። የሚቸገሩት ይህን በምን ማስረጃ እንደሚያቆሙት ነው።

ፍለጋው ራሱ መላ ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ «መተማ» ብሎ የፈለገ ናይል ዳር፣ ከሸንዲ ማዶ ያለችው ሌላዋ መተማ ትመጣበታለች። የእኛን ጦርነት የውጭ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ጋላባት ይሉታል፤ ዓመቱንም 1889 ብለው ይጽፉታል። ይህ ቶሎ ይለመዳል።

ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። «ጋሼ፣ ሦስት መጽሐፍ አግኝቻለሁ፤ ሦስቱም ይስማማሉ» ይለኛል ተማሪው። እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣው የዊንጌት፣ በ1892 የወጣው የቄስ ኦርዋልደርና በ1896 የወጣው የስላቲን መጽሐፍ ናቸው። ያኔ ንባቡን ትተን የርዕሱን ገጽ እንገልጣለን። የኦርዋልደርን ጽሑፍ ለኅትመት ያበቃው ማነው? ዊንጌት። ስላቲንን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውስ? አሁንም ዊንጌት፤ የግብፅ ጦር የስለላ ክፍል ኃላፊ። (አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የተሰየመለት ጄኔራል ዊንጌት ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም።) ስላቲንና ኦርዋልደር በውጊያው ቀን የት ነበሩ? በደርቡሽ እጅ፣ ኦምዱርማን።

ሦስት ምስክር የመሰለው በአንድ ሰው እጅ ያለፈ ቃል ሆኖ ይገኛል። ውሸት ነው ማለት አይደለም። የንጉሡ ራስ ኦምዱርማን ሲገባ ሁለቱም በከተማዋ ስለነበሩ በዚያ ነገር ቃላቸው ይከብዳል። ስለ ውጊያው ውሎ ግን ሌላም ወገን ይሰማ። አለቃ ለምለም ስለ ዓፄ ዮሐንስ ዘመን በአማርኛ የጻፉት ታሪክ አለ። ደርቡሾቹም በዓረብኛ የተዉት ደብዳቤና መዝገብ አለ፤ የታሪክ ሊቁ ሆልት እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ በእነዚህ ሰነዶች ላይ የቆመ ነው። በሱዳን ዓረብኛ ሲገበያዩ ያደጉትን ልጆች ፊደሉንም እንዲማሩ አጥብቄ እለምናቸዋለሁ፤ ይህን ማኅደር ለመክፈት ከእነሱ የሚቀርብ የለም።

ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የድንበሩ ወሬ በስልክ ይጎርፋል። አንድ ፎቶ በብዙ የቴሌግራም ቻናል ሲዞር ተማሪዎቼን የማሠራቸው ያንኑ ነው፦ መጀመሪያ የለጠፈው ማነው? ከማን አገኘው? ፎቶው ተነሣ በተባለበት ቀን እሱ መተማ ነበር?