አየር አየርን ሲያቋርጥ

ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ ሽቅብ የወጣ ጭስ ነፋስ ሲያገኘው ይጎብጣል። ይህን መንገደኛም ያየዋል። የጄት ሞተር የሚነድፍ ባለሙያ ግን የሚያሳስበው በጎበጠው ጅረት ውስጥ ያለው ነገር ነው። ነፋሱ ጅረቱን በግራና በቀኝ ታክኮ ሲያልፍ ጠርዞቹ ይጠቀለሉና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ መንታ አዙሪቶች ይፈጠራሉ፤ እነሱም በዙሪያቸው ያለውን አየር ከሥር እየሳቡ ወደ መሃል ያስገባሉ።

በሞተሩ ማቃጠያ ክፍል ይህ በረከት ነው። በግድግዳው ቀዳዳዎች የሚገባው አየር ወደ ጋለው ጋዝ ጠልቆ ፈጥኖ እንዲደባለቅ ይፈለጋል።

ከዚያ አልፎ ተርባይኑ ዘንድ ሲደረስ ፍላጎቱ ይገለበጣል። በዘመናዊ ሞተሮች ጋዙ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ ይችላል፤ የተርባይኑ ምላጭ (ብሌድ) የተሠራበት የኒኬል ቅይጥ ደግሞ ከዚያ በታች ይቀልጣል። ብሌዱን የሚያተርፈው ከሞተሩ አየር አማቂ (ኮምፕሬሰር) ተጠልፎ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚወጣ አየር ነው፤ ገጹን እንደ ነጠላ ማልበስ አለበት። ቀዳዳዎቹ ብዙውን ጊዜ በ30 ዲግሪ ገደማ ተጋድመው የሚበሱትም ለዚሁ ነው። አየር በተጨመረ ቁጥር ብረቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል ብሎ ማሰብ ይቀናል፤ እውነታው ግን ሌላ ነው። ከልክ በላይ የተገፋ ጅረት ከገጹ ይላቀቃል፣ መንታ አዙሪቶቹም የጋለውን ጋዝ ከሥሩ ስበው ብረቱ ላይ ያሳርፉታል። ከሞተሩ ጉልበት የተቀነሰው አየር በከንቱ ይፈሳል።

ተመራማሪዎቹ ጎልድስታይን፣ ኤከርትና ቡርግራፍ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጥናት የቀዳዳውን መውጫ ወደ ጎን ማስፋት እንደሚበጅ አሳየ፤ ጅረቱ ፍጥነቱን ቀንሶ ይዘረጋል፣ ገጹንም አይለቅም።

ከዘርፉ ግኝቶች እጅግ ውብ የሆነው ግን የፍሪክና የሮሽኮ ነው። ከጅረቱ በስተኋላ፣ ከምሰሶ ጀርባ እንደሚታዩት ያሉ ቀጥ ብለው የቆሙ አዙሪቶች ይታያሉ፤ ጅረቱ ራሱ የሚያወጣቸው ይመስላል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በነፋስ ዋሻ ውስጥ ጭስ እየለቀቁ መነሻቸውን ተከታተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳተሙትም አዙሪቶቹ የሚወለዱት ግድግዳውን ታክኮ ከሚሄደው ስስ የነፋስ ንብርብር ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ብቻ የሚመረምር ባለሙያ ግማሹን ነገር ይስታል፤ ከቀዳዳው በፊት ያለው ገጽም እኩል ትኩረት ይሻል።

ንድፉ ካለቀ በኋላም ሥራው አያበቃም። ብሌዱን ከሙቀት የሚከላከለው የሴራሚክ ሽፋን ሲቀባ የቀዳዳዎቹን አፍ ሊያጠብ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ በወረቀት ላይ የተሰላው ፍጥነት ይለወጣል። ብሌዱ ሞተር ላይ ከመገጠሙ በፊት አየር ተነፍቶበት ፍሰቱ የሚለካውም አንድም ለዚህ ነው።